ለዛለው እንጀራ፣ ለወደቀው እጅ

በዐቢይ ጾም ወራት ወይም በንግሥ በዓል ቀን፣ ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ በሚያስቀድስበት ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሰው በድንገት ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ያላየ ምእመን ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የታወቀ ነው፤ ሕዝቡ ይከበዋል፣ የሚተነፍሰው አየር ይጠበዋል፣ አንዱ ርኩስ መንፈስ ጣለው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ምን ኃጢአት ቢኖርበት ነው ብሎ በልቡ ያማዋል። በሌላ የጸሎት አዳራሽ ግን ያው መውደቅ ሌላ ስም ይሰጠውና፣ የወደቀው ሰው መንፈስ ቅዱስ የነካው ነው ተብሎ በእልልታ ይታጀባል። እነዚህ ሁለት ፍርዶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም የወደቀው ሰው ትናንት ማታ እህል ቀምሶ እንደ ሆነ፣ ሌሊቱን ተኝቶ እንደ ሆነ፣ ወይም በሥጋው የተሰወረ ደዌ ያለበት እንደ ሆነ አንድም ሳይጠይቁ መፍረዳቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻው ነገር አንድ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ሰው ልጅ መዛልና ራሱን ስቶ ስለ መውደቁ ብዙ ጊዜ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ መውደቁን ብቻውን የእርግማን ምልክት ወይም የቅድስና ማኅተም አያደርጉትም፤ ይልቁንም የአንባቢውን ዓይን ከወደቀው ሰው አንሥተው፣ ለወደቀው ሰው ወደሚዘረጋው እጅ፣ ወደሚቀርብለት እንጀራና ተነሥቶ ወደሚሰማራበት ሥራ ይመሩታል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ደግሞ፣ ከየትኛውም ማኅበረ ምእመናን ብንሆን በወደቀ ወንድማችንና በወደቀች እኅታችን ፊት የምናደርገውን ሁሉ በዚሁ ሚዛን መመርመር ግዴታችን ነው።

በመጀመሪያ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመጻሕፍት ጸሐፊዎች የሥጋን ነገር የማይንቁ መሆናቸው ነው። ዮናስ ከነነዌ በስተ ምሥራቅ ተቀምጦ ሳለ ለምን ራሱን ሊስት እንደ ደረሰ መጽሐፉ ሲተርክ፣ ጥላ የሆነችው ተክል መድረቋን፣ ትኩስ የምሥራቅ ነፋስ መንፈሱንና ፀሐይ አናቱን መምታቷን በግልጥ ያስቀምጣል። የያዕቆብም ልብ የደከመው በኀዘን ሳይሆን በደስታ ነው፤ ሞተ ብሎ ብዙ ዘመን ያለቀሰለት ዮሴፍ በሕይወት እንዳለና በግብፅ ምድር ሁሉ ላይ እንደ ተሾመ ልጆቹ በነገሩት ጊዜ ማመን አቅቶት ልቡ ደነዘዘ፣ መንፈሱም የተመለሰችለት ልጁ የላከለትን ሠረገላዎች በዓይኑ ባየ ጊዜ ነው። ከእነዚህ ታሪኮች እንደምንረዳው ፀሐይም፣ ድካምም፣ ድንጋፄም፣ ከመጠን ያለፈ ደስታም የሰውን ኃይል ሊያፈስሱ ይችላሉ፤ መጽሐፍም ምክንያቱን በስሙ ለመጥራት አያፍርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በዓይንዶር የሆነው ነገር ነው። ንጉሥ ሳኦል ከፍልስጥኤማውያን ጋር በሚዋጋበት ዋዜማ፣ እግዚአብሔር ስላልመለሰለት ራሱ ከምድሩ ወዳጠፋቸው ጠንቋዮች ወደ አንዲቱ በጨለማ ሄደ፤ የሞቱንም ወሬ በሰማ ጊዜ በቁመቱ ሙሉ በምድር ላይ ተዘረረ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ፍርሃቱን ብቻ ተናግሮ ቢያልፍ ማንም ባልነቀፈው ነበር፤ እርሱ ግን ሰውዬው ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ እንጀራ አለመቅመሱንና ኃይል ያጣው በዚህም ምክንያት መሆኑን ጨምሮ ጻፈልን። ያች ሕግ የምትኰንናት ሴት መደንገጡን አይታ ቀረበችና እንዲበላ ለመነችው፤ እንቢ ባለ ጊዜም ከአገልጋዮቹ ጋር አስገደደችው፤ በቤቷ የነበረውን የሰባ ጥጃ አርዳ፣ ዱቄት ለውሳ፣ ቂጣ ጋግራ አበላችው፤ እርሱም በልቶ በዚያው ሌሊት ተነሥቶ ሄደ። ሳኦል በማግስቱ እንደሚሞት ታውቋል፤ ከመንግሥቱም ተጥሏል፤ ሆኖም መጽሐፍ ለተጣለው ሰው እንኳ የቀረበለትን ማዕድ ሳይመዘግብ አላለፈም። በቤተ እግዚአብሔር ቅጽር የምንቆም እኛ፣ በዓይንዶር ያለች አንዲት ሴት ለደከመ ሰው ካደረገችው ያነሰ ብናደርግ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

በዚህ ነገር ላይ ዋናው መምህራችን ግን ነቢዩ ኤልያስ ነው። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ፣ ከዚያም በአክዓብ ሠረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል የሮጠ ያ ኃያል ሰው፣ የኤልዛቤልን ዛቻ በሰማ ጊዜ ነፍሱን ሊያድን ሸሸ፤ ብላቴናውን በቤርሳቤሕ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ከገባ በኋላ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ እንዲሞት ለመነና አንቀላፋ። ይህን የመሰለ ጸሎት ከአንድ ነቢይ አፍ ሲወጣ፣ ብዙዎቻችን የሚገባው መልስ ተግሣጽ ነው እንል ነበር፤ የትናንቱን ተአምር እንዴት ረሳህ፣ እምነትህ የት ሄደ ብለን በወቀስነው ነበር። መልአኩ ግን አልወቀሰውም፤ ዳሰሰውና እንዲበላ ነገረው። በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና የውኃ ማሰሮ ነበረ፤ በልቶና ጠጥቶ ደግሞ ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ ተመልሶ ዳሰሰውና የሚጠብቀው መንገድ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ገልጦ ዳግመኛ እንዲበላ አደረገው፤ በዚያም ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት እስከ ኮሬብ ተጓዘ።

የዚህን ታሪክ ቅደም ተከተል ማስተዋል ይገባል። እግዚአብሔር ኤልያስን በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ የጠየቀው በኮሬብ ነው፤ እንጎቻው፣ ውኃው፣ እንቅልፉና የመልአኩ ዳሰሳ ግን ከጥያቄው ቀድመዋል። ነፋሱና የምድር መናወጡ፣ እሳቱና ከእሳቱም በኋላ የመጣው ዝግ ያለ ድምፅ፣ አዛሄልንና ኢዩን እንዲቀባ፣ ኤልሳዕንም በፋንታው ነቢይ አድርጎ እንዲሾም የተሰጠው ትእዛዝ፣ ለበዓል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ የሰማው መጽናናት፣ ይህ ሁሉ የመጣው ሥጋው ከበረታ በኋላ ነው። ፈጣሪ የፍጥረቱን ደካማነት ያውቃልና፣ ለተራበ ነቢይ አስቀድሞ ምሥጢር አልገለጠለትም፤ አስቀድሞ አበላው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሥርዓት ገልብጠን፣ ለደከመው ሰው ምክርና ተግሣጽ እናስቀድማለን፤ እንጀራውን ግን ወይ እናዘገየዋለን፣ ወይ ፈጽሞ እንረሳዋለን።

ነቢያት በመለኮት ግርማ ፊት ራሳቸውን ስተው የወደቁበት ሌላ ወገን እንዳለ የታወቀ ነው፤ ይህም ከረኃብና ከፀሐይ የተለየ ስለ ሆነ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሕዝቅኤል በኮቦር ወንዝ አጠገብ የእግዚአብሔርን ክብር አምሳል ባየ ጊዜ በግምባሩ ተደፋ፤ ዳንኤል በጤግሮስ ወንዝ ዳር ራእይ ባየ ጊዜ ኃይሉ ሁሉ ጠፍቶ በምድር ላይ ወደቀ፤ ወንጌላዊው ዮሐንስም በፍጥሞ ደሴት የሰው ልጅ የሚመስለውን ባየ ጊዜ እንደ ሞተ ሰው ሆኖ ከእግሩ በታች ወደቀ። መዋቲ የሆነ ሥጋ የማይሞተውን ግርማ ሊሸከም አለመቻሉ ተፈጥሯዊ ወሰኑን ያሳያልና፣ በዚህ መውደቅ ውስጥ ታላቅ ትሕትና አለ። ነገር ግን በሦስቱም ታሪኮች መልእክቱ የተሰጠው ለወደቀ ሰው ሳይሆን ለተነሣ ሰው ነው። ሕዝቅኤል በእግሩ እንዲቆም ታዘዘ፤ መንፈስም ገብቶ አቆመው፤ ወደ እስራኤል ልጆች የተላከው ከዚህ በኋላ ነው። ዳንኤልን አንዲት እጅ ዳስሳ በጕልበቱና በእጁ መዳፍ አቆመችው፣ ከዚያም እየተንቀጠቀጠ በእግሩ ቆመ። በዮሐንስም ላይ ጌታ ቀኝ እጁን ጭኖ እንዳይፈራ ነገረው፤ ያየውንም እንዲጽፍ አዘዘው።

ከዚህ ቀደም ብሎ ዳንኤል የአውራ በጉንና የአውራ ፍየሉን ራእይ ካየ በኋላ ስለ ሆነበት ነገር የተጻፈው አንድ ቃል ደግሞ በጣም ያስተምረናል። ነቢዩ ራሱን ስቶ አያሌ ቀን ታመመ፤ ከዚያም ተነሥቶ የንጉሡን ሥራ ይሠራ ጀመር። መታመሙን አልሸሸገም፤ በመታመሙም አልተመካም፤ የራእዩ ትርጉም ገና ተሰውሮበት ሳለ ወደ ሥራው ተመለሰ። ይህ ሰው ዛሬ በመካከላችን ቢሆን ኖሮ፣ የወደቀበትን ቀን እየቈጠርን ስሙን ከፍ ከፍ እናደርገው ነበር ብዬ እፈራለሁ፤ መጽሐፍ ግን ስለ መውደቁ በአንድ ቃል ተናግሮ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መልሶታል።

መውደቅ ብቻውን የቅድስና ምስክር አለመሆኑን ወንጌልም ያረጋግጥልናል። በጌቴሴማኒ ጌታን ሊይዙ የመጡት ጭፍሮች እኔ ነኝ ባላቸው ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው ወድቀዋል፤ ተነሥተው ግን ያንኑ የመጡበትን ክፉ ሥራ ፈጸሙ። መቃብሩን ይጠብቁ የነበሩትም ወታደሮች ከመልአኩ ፍርሃት የተነሣ እንደ ሞቱ ሰዎች ሆነው ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ ከተማ ገብተው ገንዘብ ተቀበሉና የሐሰት ወሬ አወሩ። ዮሐንስም ጠባቂዎቹም በመለኮት ኃይል ፊት እንደ ሙት ሆነዋል፤ የለያቸው ከተነሡ በኋላ የሠሩት ሥራ ነው።

ይህ ክርክር ለእኛ ዘመን አዲስ አይደለም። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1739 ዓ.ም. ጆን ዌስሊ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ሲሰብክ ሰሚዎቹ እየጮኹ ይወድቁ ነበር፤ በአሜሪካም በዚያው ዘመን በተነሣው ታላቅ መነቃቃት እንዲሁ ሆነ፤ በ1801 ዓ.ም. በኬንታኪ ኬን ሪጅ በተባለ ስፍራ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ የወደቁት እጅግ ብዙ ነበሩ። ቀድሞ በታላቁ መነቃቃት ጊዜ አንዳንዶቹ ነገሩን ሁሉ የሰይጣን ሥራ ነው ሲሉ፣ አንዳንዶቹም ሁሉን የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው ሲሉ፣ የነገረ መለኮት ሊቅ የነበረው ዮናታን ኤድዋርድስ በ1741 ዓ.ም. ባቀረበው ድርሳን በሁለቱ መካከል ቆመ። የሥጋ መንቀጥቀጥና መውደቅ ሥራው ከእግዚአብሔር መሆኑንም አለመሆኑንም አያስረዳም፤ የሚመረመረው ከዚያ በኋላ በሰውየው ሕይወት የሚታየው ፍሬ ነው የሚል ነበረ ሐሳቡ። በእኛም አገር በሰባኪ እጅ ሥር የሚወድቁ ምእመናን ባሉባቸው ጉባኤያት ይህን ምክር ማስታወስ ይጠቅማል። ሐዋርያው ጳውሎስ የመንፈስን ፍሬ ሲቈጥር ፍቅርን፣ ደስታን፣ ሰላምን፣ ትዕግሥትን፣ ራስን መግዛትንም ጨምሮ ሲጽፍ መውደቅን በመካከላቸው አላኖረም፤ ለቆሮንቶስ ሰዎችም ሁሉ በአግባብና በሥርዓት እንዲሆን አዝዟል። ስለዚህ ለአንድ ሰባኪ የተሰጠው ጸጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በወደቁት ሰዎች ቍጥር ቢለካ፣ ሚዛኑ ከሐዋርያው የተቀበልነው አይደለም።

በምዕራቡ የክርስትና ዓለም ተመሳሳይ ጥያቄ በእመቤታችን ላይም ተነሥቶ ነበር። የመካከለኛው ዘመን ሠዓሊዎች ድንግል ማርያምን በመስቀሉ ሥር ራሷን ስታ ስትወድቅ ይሥሏት ነበር፤ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1435 ዓ.ም. ገደማ ሮሂር ፋን ደር ቫይደን የሣለው፣ ዛሬ በማድሪድ በፕራዶ ቤተ መዘክር የሚገኘው የመስቀል አወራረድ ሥዕል በዚህ የታወቀ ነው። ይህ መውደቅ በዓል ተሠርቶለት እንዲከበር በተጠየቀ ጊዜ ግን፣ በኋላ ካርዲናል የሆነው ቶማስ ካዬታን በ1506 ዓ.ም. ተቃወመ፤ ምክንያቱም የዮሐንስ ወንጌል እናቱ በመስቀሉ አጠገብ ቆማ እንደ ነበረች ይናገራልና። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ላሐ ማርያም የእናትን መሪር ልቅሶ ይተርካል፤ ልቅሶና መቆም አብረው ሊሆኑ ይችላሉና።

ይህን ስል ግን በኀዘን የሚወድቁትን እናቶች ለመንቀፍ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በለቅሶ ቤት ልጇን ቀብራ ራሷን የምትስት እናት እምነቷ ስለ ጎደለ አይደለም የወደቀችው፤ ራሱ ጌታችን በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ሲወርድ የሚያበረታው መልአክ ከሰማይ ታይቶታል፤ ወደ ጎልጎታም ሲወጣ የቀሬናውን ስምዖን መስቀሉን አሸክመውታል። ፈቅዶ የእኛን ሥጋ የለበሰው አምላክ የመበርታትን እርዳታ ካልናቀ፣ ለባሕርያችን ድካም የሚደረግ እርዳታ ሁሉ የተቀደሰ ነው። ስለዚህ ነው የመቆም ጸጋ ማለት ያለ ረዳት መቆም ማለት ያልሆነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊቃወመኝ ይችላል፤ ክርስትና የትዕግሥት ሃይማኖት አይደለምን? ጾምስ ሥጋን ለማድከም የታዘዘ አይደለምን? ጌታ ሳይታክቱ ሁልጊዜ ሊጸልዩ እንዲገባ ስለ መበለቲቱና ስለ ዳኛው ምሳሌ ተናግሯል፤ ጳውሎስም በጎ ከመሥራት እንዳንታክት መክሯል፤ ታዲያ ለመዛል ይህን ያህል ማዘን ስንፍናን ማሳደግ አይሆንምን ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ መልሱ ግን በዚያው በመጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ኢሳይያስ በ40ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ለደካማ ኃይልን እንደሚሰጥ፣ ጐበዛዝትም እንኳ እንደሚደክሙና እንደሚወድቁ፣ በእርሱ ተስፋ የሚያደርጉ ግን ኃይላቸውን እንደሚያድሱ ሲያስተምር፣ አለመታከትን ከሰው ብርታት አላመነጨውም፤ ከሰጪው አመነጨው እንጂ። ነፍስ እንዳትታክት የሚፈልግ አምላክ፣ ሥጋ እንድትወድቅ ግድ የለውም ማለት አይደለም።

ስለ ጾምም ቢሆን አባቶቻችን ልክ አበጅተዋል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጹ የታመመውን ሰው ከጾም ግዴታ ያወጣዋል። በቅዳሴም ጊዜ ዲያቆኑ የተቀመጡትን ተነሡ ብሎ የሚያዝዝበት ሰዓት መኖሩ፣ አቅም ያነሰው ሰው መቀመጡ ነውር እንዳልነበረ ያሳያል፤ በማኅሌት የምናየው መቋሚያም ቢሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያመሰግን ሥጋ መደገፊያ እንደሚያስፈልገው የቀደሙት ሊቃውንት ስላወቁ የተሠራ ነው። ያለ ልክ የተጫነ ጾም ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በሳኦል ዘመን ታይቷል። ንጉሡ ጠላቱን እስኪበቀል ድረስ እህል የሚቀምስ የተረገመ ይሁን ብሎ ሠራዊቱን ስላማለ፣ በጫካ ማር ሲፈስ እያዩ ማንም እጁን አልዘረጋም፤ መሐላውን ያልሰማው ልጁ ዮናታን በበትሩ ጫፍ ጥቂት ማር ቀምሶ ዓይኑ በራ፤ ሕዝቡ ግን እጅግ ከመድከሙ የተነሣ ማታ ወደ ምርኮው ተጣድፎ ከነደሙ በላ። ያለ ልክ የተጫነው መሐላ ሕዝቡን ወደ ኃጢአት ነዳው። ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የተወደደ ጾም ማለት እንጀራን ለተራበ ማካፈል ነው ብሎ ሲያስተምር፣ የጾም ትርፍ የት መግባት እንዳለበት አመልክቶናል።

እንግዲህ ከእምነቱ ወደ ተግባሩ እንምጣ። የሕክምና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ራስን መሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለጥቂት ጊዜ ሲቀንስ ነው፤ ለዚህም ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቆም፣ ሙቀትና የሰው መጨናነቅ፣ የውኃና የምግብ እጦት፣ ድንጋጤና ሕመም ምክንያት ይሆናሉ። የወደቀውን ሰው በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ፣ አንገቱንና ወገቡን ያጠበቀውን ልብስ ማላላት፣ ከቦ ከመቆም ገለል ብሎ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ይገባል፤ እስኪነቃም ድረስ በአፉ ውኃ ማንቆርቆር አይገባም፣ ሊታነቅ ይችላልና። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ፣ ደረቱን ካመመው፣ ነፍሰ ጡር ወይም የስኳር በሽተኛ ከሆነ፣ በወደቀም ጊዜ ራሱን ከተመታ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት እንደ ሆነ ደግሞ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይረዳውም፤ በጎኑ አስተኝቶ፣ በአፉ ምንም ነገር ሳይጨምሩ፣ እንዳይጋጭ መጠበቅ ነው የሚረዳው።

ጌታ በተራራው ሥር ያዳነው ያ እየወደቀ ይሰቃይ የነበረው ብላቴና በርኩስ መንፈስ አልነበረምን የሚል ቢኖር፣ አዎን ነበረ፤ ነገር ግን ማቴዎስ በ4ኛው ምዕራፍ ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውንና የሚጥላቸውን በሽተኞች ለየብቻ ቈጥሯል፤ ስለዚህ ወንጌል ሁለቱን እንደሚለይ እኛም ልንለይ ይገባናል። በብላቴናውም ታሪክ፣ ብዙዎች ሞቷል እስኪሉ ድረስ እንደ ሬሳ ሆኖ በተጋደመ ጊዜ፣ ጌታ እጁን ይዞ አነሣው እንጂ ተዘርሮ እንዲቀር አልተወውም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ሲል ያስተምራል፤ ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ የሐኪም መድኃኒቱን እንዲጥል የሚመክር ሰው፣ ለጠበሉ ክብር የቆመ ቢመስለውም የመጽሐፍን ምክር ይቃወማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምንማረው፣ ሰው ከመውደቁ በፊት ማሰብን ነው። በማቴዎስ 15ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ሕዝቡ 3 ቀን ከጌታ ጋር ቆይቶ የሚበላው ባጣ ጊዜ፣ በመንገድ እንዳይዝሉ ጦማቸውን ሊያሰናብታቸው እንደማይወድ ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው፤ ማርቆስም ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከሩቅ እንደ መጡ ማስታወሱን ጨምሮ ጽፏል። ያን ጊዜ ገና የወደቀ ሰው አልነበረም፤ እርሱ ግን ስብከቱ ካለቀ በኋላ ያለውን የመንገዱን ርዝመት ቈጠረ፤ 7 እንጀራና ጥቂት ዓሣ ባርኮ ከሴቶችና ከሕፃናት በቀር 4000 ወንዶችን አጠገበ። ከዚህ በተቃራኒ የቆመው የሰቆቃወ ኤርምያስ ታሪክ ነው፤ በዚያ በኢየሩሳሌም አደባባዮች ሕፃናት እናቶቻቸውን እህል የት አለ እያሉ በእናቶቻቸው እቅፍ ዝለው ነፍሳቸው ትፈስሳለች፤ ነቢዩም ዓይኑ በእንባ እስኪደክም ያለቅሳል። ቍርስ ሳይቀምስ ትምህርት ቤት ሄዶ በክፍሉ የሚዝል ሕፃን ባለበት አገር፣ ኤርምያስ ስለ ቀድሞ ዘመን ብቻ ጻፈ ልንል አንችልም።

ሥርዓት እንዲሆንልን ከፈለግን፣ ዳዊት የሠራው ሕግ አለልን። አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው በማረኩ ጊዜ ዳዊት በ600 ሰዎች ተከተላቸው፤ 200 ያህሉ ግን ዝለው የቦሦርን ወንዝ መሻገር አቃታቸውና ከዕቃው ጋር ቀሩ። በመንገድም 3 ቀንና 3 ሌሊት ያልበላ፣ ጌታው ስለ ታመመ የጣለው ግብፃዊ ባሪያ በሜዳ አገኙ፤ ማንነቱን ሳይጠይቁ እንጀራ፣ ውኃ፣ የበለስ ጥፍጥፍና 2 የዘቢብ ዘለላ ሰጡት፤ ነፍሱም ተመለሰች፤ የጠላትን ሰፈር ያሳያቸውም ይኸው ሰው ሆነ። ድል አድርገው በተመለሱ ጊዜ ከተዋጉት መካከል ክፉዎች፣ የዛሉት ከምርኮው አይካፈሉ አሉ፤ ዳዊት ግን እግዚአብሔር የሰጠንን እንዲህ አታድርጉበት ብሎ፣ የተዋጋውና ከዕቃው ጋር የቀረው እኩል እንዲካፈሉ ፈረደ፤ ይህም ለእስራኤል ሥርዓትና ሕግ ሆነ።

ስለዚህ የአጥቢያ አስተዳዳሪዎች፣ ካህናት፣ የጉባኤ መሪዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ሕግ በየደጃቸው እንዲያጸኑት እለምናለሁ። በበዓል ቀን ውኃና መቀመጫ በቅርብ ይኑር፤ ለሽማግሌዎች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕሙማን ጥላ ያለው ስፍራ ይከለል፤ የመጀመሪያ እርዳታ የተማሩ ወጣቶች ይመደቡ፤ ሰባኪውም መቀመጥ ኃጢአት አለመሆኑን በግልጥ ይናገር። የወደቀም ሰው ቢኖር፣ ከፍርዱ በፊት ውኃው፣ ከወሬውም በፊት ሐኪሙ ይቅደም። እግዚአብሔር ለኤልያስ እንጎቻ ያዘጋጀ፣ ዳንኤልንም ዳስሶ ያቆመ ነውና፣ በስሙ የተሰበሰበ ሕዝብ ለዛለው ወንድሙ እኩል ድርሻ ካላስቀመጠለት፣ ያቀረበው ምስጋና በዚህ ነገር ጎዶሎ ሆኖ ይቈጠርበታል።